ከእናቴ ጋር አምስት ቀን ፋሮ ደሴቶች፦ እቅዴን እዩልኝ

የደሴት ናፋቂ (ኮፐንሃገን)

ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ ጁን ላይ ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ከተያየን ስድስት ዓመት ሆነን። የኮፐንሃገንን ሱቅና ሕንፃ ብቻ አሳይቼ መሸኘት አልፈልግም። ያደገችው ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው፤ ደጋ፣ ንፋስ፣ በግ። ከተማ ውስጥ ሦስት ቀን ከቆየች "እግሬ ተሳሰረ" ማለት ትጀምራለች። ስለዚህ ፋሮ ደሴቶች ልወስዳት አስቤያለሁ።

ለማያውቃቸው፣ ከስኮትላንድ በስተሰሜን፣ በአይስላንድና በኖርዌይ መካከል ያሉ 18 ደሴቶች ናቸው። በዴንማርክ መንግሥት ሥር ሆነው ራሳቸውን ያስተዳድራሉ። ሕዝባቸው 55 ሺህ ቢሆን ነው። ከዚህ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ትንሽ አለፍ ይላል።

እቅዴ ይኸውላችሁ። ሐሙስ ከሰዓት እንገባና ዋና ከተማው ቶርስሃቭን እናድራለን። ዓርብ ጠዋት የጋሳዳሉር ፏፏቴ፣ ከሰዓት የትሬላኒፓ ገደል፣ ማታ ሳክሱን የሚባለው መንደር። ቅዳሜ ካልሶይ ደሴት ተሻግረን እስከ ካሉር የመብራት ማማ በእግር፣ ስንመለስ ጄግቭ የሚባለው መንደር። እሑድ የአገሩ ትልቁ ተራራ ስሌታራቲንዱር፣ 880 ሜትር። ሰኞ ጠዋት በጀልባ ሚኪነስ ደሴት ሄደን ፓፊን የሚባሉትን የባሕር ወፎች እናያለን፣ ማታ በረራ። ማክሰኞ ጠዋት ሥራ እገባለሁ።

እናቴ 63 ዓመቷ ነው፤ በእግር መሄድ ከእኔ ትበልጣለች። ግን የተራራ ጫማ የላትም። ወቅቱ ደግሞ የሰኔ ጾም ነው። መኪና ልከራይ ወይስ አውቶቡስ ይበቃል? በዛ ካላችሁም በግልጽ ንገሩኝ።

የመንዝ ልጅ (በርገን)

እህቴ፣ ቦታዎቹን በደንብ መርጠሻል። ለአየሩ ግን ምንም ቦታ አልተውሽለትም። እዚያ አገር ፕሮግራም የሚያወጣው አየሩ ነው።

እኔ ሁለቴ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው እንዳንቺ ቀን በቀን ከፋፍዬ ይዤ ሄጄ፣ ካየሁት ይልቅ ያበሳጨኝ በዛ። አየር ማረፊያው ባለበት በቫጋር ደሴት ዝናብ ሲወርድ ክላክስቪክ ከተማ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። በመካከላቸው ያለው በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ተራራው ደመናውን በአንድ ወገን ይይዘዋል፣ በሌላው ወገን ሰማዩ ጥርት ይላል። በሁለተኛው ጉዞዬ የምፈልጋቸውን ቦታዎች ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ጠዋት ጠዋት ትንበያ እያየሁ አንዱን መረጥኩ። ያኔ ነው አገሩን ያየሁት።

ብርሃን አያሳስብሽ። ጁን መጨረሻ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፣ የምትገባው ማታ 5 ሰዓት ከሩብ አልፎ። በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ። ጠዋት ዝናብ ከሆነ ተኙ፣ ምሳ ብሉ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ተነሥታችሁ መውጣት ትችላላችሁ። ሰዓታቸው ደግሞ ከዴንማርክ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ስልክሽ ራሱ ያስተካክለዋል፣ የእጅ ሰዓት ከሆነ ግን ጀልባ ያስታጉላል።

ትልቁ ስህተትሽ ሰኞ ነው። ሚኪነስን ለመጨረሻ ቀን አታድርጊው። ጀልባው ከሶርቫጉር ተነሥቶ 45 ደቂቃ ይሄዳል፣ ከሜይ እስከ ኦገስት ብቻ። ወደቡ ጠባብ ነው፣ ማዕበል ካለ ጀልባው አይወጣም። ከዚያ የባሰው ደግሞ ጠዋት አድርሶሽ ማታ መመለስ ሲያቅተው ነው። በዚያው ቀን በረራ ካለሽ ምን ትሆኛለሽ? በመሬት መንሸራተት የተነሣም እዚያው ሚኪነስ ላይ ወዳለው መብራት ማማ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ያውቃል፤ ከመያዝሽ በፊት አጣሪ። ፓፊኖቹ ጎጇቸውን የሚሠሩት ሣሩ ሥር ጉድጓድ ቆፍረው ስለሆነ ከመንገዱ ወጥቶ መርገጥ ጫጩት መጨፍለቅ ነው።

አውሮፕላንም ቢሆን በጉም ይዘገያል፣ አንዳንዴም ከአየር ላይ ይመለሳል። ማክሰኞን ከሥራ አስፈቅጂ።

ጡረተኛው (ማልሞ)

ልጄ፣ ስለ ተራራውና ስለ ጀልባው የመንዝ ልጅ ጥሩ ነግሮሻል። እኔ ከዚያ በፊት ያለውን ልንገርሽ። የእናትሽ ቪዛ ምን ይላል?

ፋሮ የዴንማርክ መንግሥት አካል ቢሆንም የአውሮፓ ኅብረትም የሸንገንም አባል አይደለም። በሸንገን ቪዛ ዴንማርክ የገባ ሰው በዚያው ቪዛ ፋሮ አይገባም። ቪዛው ላይ ለፋሮ ደሴቶች እንደሚያገለግል በግልጽ መጻፍ አለበት። ዴንማርኮች ይሰጣሉ፤ ግን ማመልከቻው ላይ ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህን ያወቅሁት ከስሬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ታናሽ ወንድሜ ከአገር ቤት መጥቶልኝ አብረን ልንሄድ ነበር። ሻንጣችንን ይዘን ኮፐንሃገን አየር ማረፊያ ደረስን። መመዝገቢያው ላይ ያለችው ልጅ ፓስፖርቱን ገለጥ አድርጋ አየች፣ ደግማ አየች፣ ከዚያ ወደ ስልኳ ሄደች። ስትመለስ ፊቷን አይቼ ገባኝ። ትኬቱ ቀረ፣ የቤቱ ኪራይ ቀረ። ወንድሜ "በእኔ ምክንያት" እያለ ሲያዝን ነው እኔን የከበደኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሳልጠይቅ ነው የገዛሁት።

አንቺም የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ካለሽና ዜግነት ካልወሰድሽ፣ ያንቺንም ለስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ጽፈሽ መልሱን በእጅሽ ያዢ። ትኬት ከዚያ በኋላ።

የደሴት ናፋቂ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ፈጽሞ አላወቅሁም ነበር። እኔ ፓስፖርት ወስጃለሁ። የእናቴ ቀጠሮ ግን የሚቀጥለው ሳምንት ነው፣ ገና አላስገባችም! አሁኑኑ ደውዬ ነገርኳት። የግብዣ ደብዳቤዬንም ፋሮን ጨምሬ እንደገና እጽፈዋለሁ። ምን እንደምል አላውቅም፣ ከትልቅ ሐዘን አዳኑኝ።

ሦስተኛ ፈረቃ (ኮፐንሃገን)

የመኪናውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ለአምስት ቀን፣ ለዚያውም ከእናት ጋር፣ ተከራዪ። አውቶቡስ አለ፣ ጥሩም ነው፣ ግን ወደ ትንንሾቹ መንደሮች በቀን ጥቂት ጊዜ ነው የሚሄደው። እኔ በክረምት በአውቶቡስ ሞክሬ ከቀኔ ግማሹን መጠለያ ሥር ቆሜ አሳለፍኩት።

ማሽከርከሩ አያስፈራም። ትልልቆቹ ደሴቶች በባሕር ሥር በተቆፈሩ ዋሻዎች ተያይዘዋል። ከአየር ማረፊያው ደሴት ወደ ቶርስሃቭን የሚወስደው በ2002 የተከፈተው ነው። በ2020 መጨረሻ ደግሞ ከቶርስሃቭን አጠገብ ወደ አይስተሮይ ደሴት የሚወስደው ተከፈተ። 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ዝቅተኛው ቦታው ከባሕር ወለል በታች 187 ሜትር ነው። መሀሉ ላይ አደባባይ አለ፤ አዎ፣ ባሕር ሥር የመኪና አደባባይ! አንዱን ትልቅ ዓለት ሳይቆርጡ እንደ ምሰሶ ትተውት በሰማያዊና በቀይ መብራት አድምቀውታል። እናትሽን አስጠንቅቂያቸው፣ እኔ ስገባ ጸሎት ነው ያደረስኩት። ክፍያውን ካሜራ ይመዘግባል፣ ከኪራዩ ሒሳብ ጋር ይመጣል።

ጥንቃቄ የሚፈልጉት የድሮዎቹ ዋሻዎች ናቸው። ባለ አንድ መስመር ናቸው፣ አንዳንዱም ጨለማ ነው። መኪና ከፊት ሲመጣ ወደ ጎን ወጣ ብለሽ የምታሳልፊበት ቦታ በየተወሰነው ርቀት አለ። ቦታው በአንቺ በኩል ከሆነ የምትቆሚው አንቺ ነሽ። ቀስ ካልሽ ችግር የለም።

በግ በየመንገዱ አለ። በአገሩ ከሰው በላይ በግ ነው፣ ወደ 70 ሺህ ይጠጋል። ስማቸው ራሱ "የበግ ደሴቶች" ማለት ነው ይባላል። ከገጨሽ ለፖሊስ ደውለሽ መናገር ግዴታሽ ነው።

ለካልሶይ ግን መኪናሽን ክላክስቪክ ተዪው። ጀልባው ጥቂት መኪና ብቻ ነው የሚጭነው፣ በበጋ ሰልፉ ረጅም ነው። በእግር ግቡ፣ 20 ደቂቃ ነው። ማዶ ትንሽ አውቶቡስ ጠብቆ የማማው መንገድ እስከሚጀምርበት ትሮላነስ መንደር ይወስዳችኋል። ስትወርዱ ወዲያው ወደ አውቶቡሱ ሂዱ፣ ይሞላል።

አንድ ነገር ጨምሬ ልጨርስ። ከደሴት ደሴት የሚሄድ ሄሊኮፕተር አለ። ለነዋሪው ተብሎ መንግሥት ስለሚደጉመው ዋጋው እንደሌላ አገር አይደለም። ጎብኚ ግን አንድ ጉዞ ብቻ ነው የሚፈቀድለት፣ መመለሻውን በጀልባ። ለእናትሽ ደስ የሚል ትዝታ ይሆናል፣ ቀኑ ከገጠመላችሁ።

ሐበሻ በሐምቡርግ

ሁሉንም በጉጉት አነበብኩ። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ትሬላኒፓ ለመሄድ በሰው 200 ክሮነር፣ ካሉርም እንደዚያው ያስከፍላሉ። ሣር ላይ ለመራመድ? ኖርዌይ ወይም ስዊድን ሂዱ፣ ተራራው የሁሉም ነው፣ ማንም በር ላይ ቆሞ አይጠይቅም። ለሁለት ሰው ሁለት ቦታ 800 ክሮነር ሆነ ማለት ነው። ለቤተሰብማ አይቻልም።

የመንዝ ልጅ

ወንድሜ፣ እኔም መጀመሪያ እንዳንተ ተናድጄ ነበር። እዚህ ኖርዌይ ስለለመድኩ። ግን ሁለቱ አገሮች አንድ አይደሉም።

እዚያ ከመንደሩ አጥር ውጭ ያለው ተራራ ባዶ መሬት አይደለም። ባለቤት ያለው ግጦሽ ነው። እያንዳንዱ መሬት ስንት በግ እንደሚችል ከጥንት ጀምሮ ተቆጥሮ የተከፋፈለ ነው። ሣሩ ደግሞ እንደምታየው አይደለም። ሥሩ ያለው አፈር ስስ ነው፣ ከሥሩ ዓለት፣ ከላይ ዝናብ። አንድ ሺህ ጫማ በአንድ መስመር ከረገጠው ሣሩ ይሞትና ጭቃ ይሆናል። ጭቃውን የፈራው ሰው በጎን ያልፋል፣ መንገዱ ይሰፋል፣ ዝናቡ አፈሩን ይዞት ይወርዳል። በመጀመሪያው ጉዞዬ ትሬላኒፓ ጭቃው ቁርጭምጭሚቴን ዋጠው። በሁለተኛው ጠጠር ተነጥፎበት አገኘሁት። ያ በጎብኚ ገንዘብ ነው።

እኛ ጋ መንዝ ያለውን የጓሳ ሣር ምድር የምታውቁ ትረዱኛላችሁ። አያቶቻችን ጓሳውን ማን እንደሚያጭድ፣ መቼ እንደሚከፈት፣ መቼ እንደሚዘጋ ሕግ አውጥተው ባይጠብቁት ኖሮ ዛሬ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም ባልኖሩ። የቤት ክዳኑም ከዚያ ሣር ነበር። ፋሮ ውስጥም ጣራው ሣር ነው፤ ገጠር ብቻ ሳይሆን ቶርስሃቭን መሀል፣ ቲንጋነስ የሚባለው ጥንታዊ ሰፈር ያሉት የመንግሥት ቢሮዎች ሳይቀሩ። ሣሩን ሲያስከብሩት ሳይ አያቴ ነው ትዝ ያለኝ።

ደግሞ ራሳቸውም ይሠራሉ። ከ2019 ጀምሮ በጸደይ ወቅት ዋና ዋና ቦታዎችን ለጥቂት ቀን ለጎብኚ ዘግተው፣ ከውጭ በዕጣ የተመረጡ በጎ ፈቃደኞችን ጠርተው መንገድ ይጠግናሉ። ለሚመጣው ማደሪያና ምግብ ከእነሱ ነው። ሁለቴ አመልክቼ ዕጣው አልወጣልኝም። ዘንድሮም አመለክታለሁ።

ሐበሻ በሐምቡርግ

ዋጋው አሁንም ልጅ ላለው ሰው ይከብዳል እላለሁ። የጠጠሩን ነገር ግን አላወቅሁም ነበር። ስለ ጓሳውም አመሰግናለሁ፣ አባቴ ይህን ይነግረን ነበር።

ቅመም (ስቶክሆልም)

ስለ ጾሙ ማንም አልመለሰላትም፣ እኔ ልሞክር። የፋሮ ምግብ በግና አሳ ነው። በጉን ጨዋማ በሆነው የባሕር አየር ላይ ሰቅለው ወራት ያቆዩታል፣ ሽታው ከሩቅ ይመጣል። ለጾመኛ የሚሆን ነገር ሬስቶራንት መፈለግ ቀኑን ይበላል። ስለዚህ ሆቴል ተዪና ማድ ቤት ያለው ትንሽ ቤት ተከራዪ።

ከኮፐንሃገን ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስር፣ ዘይት በትንሽ ዕቃ ያዢ። እንጀራ ለሁለት ቀን ይበቃል፣ ከዚያ በኋላ የእነሱ ዳቦ አለ። ድንችና ሩባርብ ከአገራቸው ታገኛለሽ። ለመንገድ በሶ በጥብጠሽ ያዢ፤ ከስኳር ጋር በፔርሙስ። እኔ ላፕላንድ ስሄድ በበሶ ነው የዋልኩት፣ ሆድም ይይዛል፣ እጅም ያሞቃል። ቅዳሜ ማታ ገዝተሽ ግቢ፣ እሑድ ብዙ ሱቅ ዝግ ነው።

ጋቢያቸውን ይያዙ። ለቤትና ለመኪና። ተራራ ላይ ግን ጋቢ አይሆንም፣ ጥጥ ከረጠበ ይበርዳል። ከሥር ሱፍ፣ ከላይ ውኃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ። ጃንጥላ አትግዢ፣ ንፋሱ በአንድ ደቂቃ ይሰብረዋል።

የደሴት ናፋቂ

እግዜር ያክብርልኝ፣ እናቴ በሶ ስላት ሳቀች፤ "እዚያም ድረስ?" አለች። ለፋሮም የሚሆነው ቪዛ ተጠይቋል፣ መልሱን እየጠበቅን ነው።

እቅዱን ቀየርኩት። ስሌታራቲንዱርን አወጣሁት፣ ቁልቁለቱን ቪዲዮ ላይ አይቼ ለእናቴ ፈራሁ። ሳክሱንና ጄግቭ መንገድ ላይ ከሆኑ እንገባለን፣ ካልሆኑም ይቅሩ። ሚኪነስን ዓርብ አደረግኩት፤ ካልሆነ ሌላ ቀን እንዲሞከር። የቀረውን ወረቀት ላይ ጽፌ ይዣለሁ። በረራውን ሰኞ ጠዋት አድርጌ ማክሰኞን ፈቃድ ወስጃለሁ።

የቀረኝ የጫማ ነገር ነው። እናቴ 39 ነው የምታደርገው። ለአምስት ቀን አዲስ መግዛት ይከብደኛል፣ አዲስ ጫማ ደግሞ ይልጣል ይባላል።

ጡረተኛው (ማልሞ)

ልጄ፣ የባለቤቴ ጫማ 39 ነው፣ የለመደና የለሰለሰ። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ አልወጣችበትም። "ይሂድላት፣ ቆሞ ከሚቀር" ብላለች። ቅዳሜ ድልድዩን ተሻግሬ አመጣልሻለሁ፣ ቡና ካፈላሽ።

የደሴት ናፋቂ

ተመልሰናል! ቃል በገባሁት መሠረት ሁሉንም ልንገራችሁ።

ቪዛው መጣ፣ ፋሮ የሚለው ተጽፎበታል። መመዝገቢያው ላይ ፓስፖርቷን ሲገልጡ ልቤ ሲመታ ነበር፤ ጋሼ፣ እርስዎን እያሰብኩ ነው የቆምኩት። አለፍን።

ሐሙስ ስናርፍ ሰማዩ አንድ ደመና አልነበረበትም። በድሮው እቅዴ ቢሆን ቶርስሃቭን ገብተን እናርፍ ነበር። የመንዝ ልጅን ምክር ይዤ ከአየር ማረፊያው በቀጥታ ትሬላኒፓ ሄድን፣ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ከገደሉ አጠገብ ያለው ሐይቅ ሁለት ስም አለው፤ በሁለት ወገን ያሉት መንደሮች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ይጠሩታል። መንገዱ ሜዳ ነው፣ አንድ ሰዓት ያህል። ጫፉ ላይ ስትደርሱ ሐይቁ ከባሕሩ በላይ የተሰቀለ ይመስላል። በፎቶ ብዙ መቶ ሜትር የሚመስለው በእውነት ሠላሳ ሜትር ገደማ ነው። የሚያታልለው ገደሉ ነው፤ እሱ ከመቶ ሜትር በላይ ነው። እናቴ ከጫፉ አሥር እርምጃ ርቃ ተቀመጠችና የእኔን ጃኬት ከኋላ ያዘች። ፎቶ አንሥቼ እስክጨርስ አልለቀቀችኝም።

ስንመለስ አጥሩ ላይ ቆመች። የሽቦው እሾህ ላይ የበግ ፀጉር ተጠማዝዞ ነበር፣ በጎቹ እየተፋተጉ የተዉት። ነቅላ ወሰደችው። እየሄደች በሁለት ጣቷ ሳብ፣ ጠምዘዝ፣ ሳብ፣ ጠምዘዝ። መኪናው ጋ ስንደርስ አንድ ክንድ የሚሆን ክር ሆኖ ነበር። ልጅ ሆና ለባና ትፈትል እንደነበር ነገረችኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ልጇ ሆኜ ይህን አላውቅም ነበር።

ዓርብ ጠዋት ከሚኪነስ ጀልባ መልእክት መጣ፣ ማዕበል ስላለ አይወጣም። ቅዳሜም እንደዚያው። ፓፊን ሳናይ መጣን። አዝኛለሁ፣ አልዋሽም። በዓርቡ ፋንታ ጋሳዳሉር ሄድን። ፏፏቴው ከመንደሩ ሥር በቀጥታ ባሕር ውስጥ ይወድቃል፣ ንፋሱ ሲበረታ ውኃውን ወደ ላይ ይመልሰዋል። እስከዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መንደሩ የመኪና መንገድ አልነበረውም። ፖስተኛው ደብዳቤውን ተሸክሞ ተራራውን በእግሩ ይሻገር ነበር። ለእናቴ ስነግራት ተራራውን ቀና ብላ አየችና "እህል ተሸክሞስ?" አለች። እሱንም ተሸክመውታል፣ አስከሬንም ጭምር። ዝም ብላ ቆየች።

ቅዳሜ ክላክስቪክ በኩል ብሩህ ነበር፣ ካልሶይ ተሻገርን። ትሮላነስ ስንደርስ ፀሐይ፣ በር ላይ ከፈልን፣ ወጣን። ግማሽ መንገድ ላይ ጉም ከላይ ወረደ። መጀመሪያ ጫፉ ጠፋ፣ ከዚያ ከፊታችን የነበሩት ሰዎች፣ ከዚያ የራሴ ጫማ ደብዘዝ አለኝ። ሣሩ እርጥብ ነው፣ ገደሉ የት እንደሆነ አይታይም፣ ድምፅ ብቻ፤ ወፍና ማዕበል። ማማው ሃያ ደቂቃ ነበር የቀረን። "ትንሽ እንሂድ" አልኩ። እናቴ እጄን ያዘች። "እኛ አገር እንዲህ ሲወርድ ከብትም አይነዳም። እንመለስ።" ተመለስን። ሁለት ወጣቶች ግን አልፈውን ሄዱ። በኋላ አውቶቡሱ ላይ አገኘናቸው፣ ደህና ናቸው፣ ምንም እንዳላዩ ነገሩን። አውቶቡሱ ሚክላዳሉር ሲያልፍ ባሕሩ ዳር የቆመችው የአቆስጣ ሴት ሐውልት ለቅጽበት ከጉሙ ወጥታ ታየች። አንድ ሰው የአቆስጣ (የባሕር እንስሳው) ቆዳዋን ደብቆ ያገባት፣ ቆዳዋን ስታገኝ ወደ ባሕር የተመለሰች ሴት ናት ይላሉ።

እሑድ ከቶርስሃቭን ኪርክዩቡር በእግር ሄድን፣ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ። የድሮ የመንደር መንገድ ነው። በጉም ሰው እንዳይጠፋ በየርቀቱ ድንጋይ ተከምሯል፤ አንዱን ሳትለቁ ቀጣዩን ታያላችሁ። ታች ባሕሩ ዳር ጣራው የሌለ የድንጋይ ካቴድራል አለ፣ በ1300 አካባቢ የተጀመረ። አጠገቡ ነጭ የተቀባች ትንሽ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለች፣ እስከ ዛሬ ይቀደስባታል። ከእነሱ ጎን በእንጨት የተሠራ ጥቁር የገበሬ ቤት አለ፣ አንድ ቤተሰብ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚኖርበት። እናቴ የእነሱ ሃይማኖት ሌላ መሆኑን ታውቃለች። ቢሆንም ነጠላዋን አጣፍታ ደጁን ተሳለመች። ግንባሯን ድንጋዩ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ስንወጣ "ለስድስቱ ዓመት ነው" አለችኝ።

የመጨረሻው ደግሞ ይህ ነው። ቅዳሜ ቶርስሃቭን ስንመለስ አንድ የሱፍ ሱቅ ገብተን ነበር። አንዲት ትልቅ ሴት ቁጭ ብለው ይሠሩ ነበር። እናቴ ጥቁር ቡናማ ጥቅል አነሣች፣ ወደ ብርሃን ይዛ አየችው፣ "ይህ አልተነከረም፣ የበጉ መልክ ነው" አለች። ተረጎምኩላቸው። ሴትዮዋ ሥራቸውን አስቀምጠው ተነሡ፣ "ትክክል" አሉና ከኋላ ሌላ አምስት ዓይነት አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉላት። አንድ ሰዓት ያህል ያንን ሲዳስሱ ቆዩ። እኔ መተርጎም አቁሜ ነበር፣ አላስፈለጋቸውም።

ሰኞ ጠዋት በረራው በጉም አራት ሰዓት ዘገየ። ማክሰኞ ፈቃድ ላይ ነበርኩ።

ቅመም (ስቶክሆልም)

እያነበብኩ አለቀስኩ። ሽሮው በቃ ወይ?

የደሴት ናፋቂ

በቃ፣ ተረፈም። በሶው ነው ቶሎ ያለቀው፤ ጀልባው ላይ አብረውን ለነበሩ ሁለት ጀርመኖች አቅምሳ ጨረሰችው።

አዲስ ገቢ (አርሁስ)

ሰላም፣ ይህን ክር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። እኔና እህቴ ኦገስት መጀመሪያ ላይ ልንሄድ ነው። ፓፊን ያኔ ይገኛል? ደግሞ እህቴም ጫማ የላትም፣ 39 ናት። ለመጠየቅ ድፍረት ይሁንብኝ።

የመንዝ ልጅ

ኦገስት መጀመሪያ ይገኛሉ፣ ወሩ ሲገባደድ ግን ወደ ባሕር ይመለሳሉ። ስለዚህ ገና እንደደረሳችሁ ሚኪነስን ሞክሩ። ጁላይ 28 እና 29 ትልቁ የአገሩ በዓል ኦላቭሶካ ነው፤ ከዚያ ጋር ከተገናኛችሁ ማደሪያ አስቀድማችሁ ያዙ።

ጡረተኛው (ማልሞ)

ባለቤቴን ጠየቅኋት፣ "ይሂድላት" ብላለች። ጫማው አሁንም ኮፐንሃገን ነው።

የደሴት ናፋቂ

አጥቤ፣ ጋዜጣ ሞልቼ አድርቄዋለሁ። ዓርብ ከ11 ሰዓት በኋላ ከሥራ እወጣለሁ፣ በእኛ ሰዓት ነው። ዋናው ባቡር ጣቢያ ብትመጡ አቀብላችኋለሁ። ማሰሪያው አዲስ ነው፣ የድሮው ካልሶይ ላይ ተበጠሰ።